የካፋው መዝጋቢ ፍሪድሪክ ቢበር

ፍሪድሪክ ዩልየስ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1873 በቪየና ተወለደ። ስለ አፍሪካ የነበረውን ዕውቀት ያካበተው ራሱን በራሱ አስተምሮ ነው።

በ1905 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ይገዟት የነበረችውን ጅማን አቋርጦ፣ ወደ ቡናው አገር ወደ ካፋ ዘለቀ። የካፋ መንግሥት ከወደቀ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር። ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 ተማርከዋል፤ በቦንጋ አጠገብ የነበረችው መናገሻቸው አንድራቻም ጠፍታለች። በአገሬው እጅ የተጻፈ መዝገብ ስላልነበረ፣ የመንግሥቱ ሥርዓት የቀረው በሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ ነበር። እነርሱ ሲያልፉ አብሮ ማለፉ አይቀርም።

ቢበር ይህን ተረድቶ የቤቱን አሠራር፣ እርሻውን፣ ልብሱን፣ የቤተ ሰቡን ልማድ፣ እምነቱንና የነገሥታቱን ታሪክ ጠይቆ ጻፈ። የሰበሰበውንም ካፋ በተሰኘ ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ አንደኛው በ1920፣ ሁለተኛው በ1923 ወጣ። ደራሲው በ1924 ዐረፈ።

መጽሐፉ እንከን የለበትም ማለት አይቻልም። ቢበር ካፋዎችን የጥንታውያን ኩሻውያን ቅሪት አድርጎ ማየቱ አከራካሪ ነው። ይሁን እንጂ መላ ምት ይሻራል፤ በጊዜው ተጠይቆ የተጻፈ ቃል ግን ምትክ የለውም። ስለ ጠፋችው መናገሻና ንጉሡን ስለሚያማክሩት ሚክሬቾዎች ለማወቅ የሚሻ ተመራማሪ ዛሬም ወደዚሁ መጽሐፍ ይመለሳል። የጅማን፣ የአጋሮንና የቦንጋን ነገር በየመስኩ ለሚያጠና ባለሙያም የቢበር ሕይወት አንድ ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም የተሟላ መዝገብ የሚዘጋጀው ነጋሪው በሕይወት ሳለ መሆኑን ነው።