ቀለም እንደ ጉዳይ፦ የኤርንስት ሃስ የጎዳና ፎቶግራፍ ጉዞ

በጎዳና ፎቶግራፍ ጥናት ውስጥ በባለቀለምና በጥቁርና ነጭ መካከል የሚደረገው ምርጫ ብዙውን ጊዜ የግል ዝንባሌ ወይም የዘመን ልማድ ተደርጎ ይታያል። የኤርንስት ሃስ ሕይወት ግን ምርጫው በሥዕሉ ውስጥ ትርጉሙን የተሸከመው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ መሆኑን ያመለክታል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሕይወቱን ሂደት ከዚህ አንጻር ይመለከታል።

ሃስ እ.ኤ.አ. በ1921 በቪየና ከተማ ተወለደ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1946፣ አሥር ኪሎ ያህል ማርጋሪን ሰጥቶ በጥቁር ገበያ ሮሌፍሌክስ ካሜራ እንዳገኘ ይነገራል። በዚያን ጊዜ ካነሣቸው ሥራዎች ዋነኛው ከምርኮ የሚመለሱ ኦስትሪያውያንን የሚያሳየው ተከታታይ ነው። ከመካከሉ አንዲት እናት የጠፋ ልጇን ፎቶግራፍ በፊቷ ለሚያልፈው ወታደር ዘርግታ የምታሳይበት ሥዕል ይገኛል። ቀለም ባለመኖሩ የተመልካች ዓይን የሚያርፈው በልብስ ወይም በግድግዳ ላይ ሳይሆን በሁለቱ ፊቶች መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። ይህ ሥራ የሮበርት ካፓን ትኩረት ስቦ ሃስን በ1949 ወደ ማግኑም ማኅበር አስገባው።

በ1951 ወደ አሜሪካ ሲሻገር የገጠመው ጎዳና ሌላ ነበር። በኒውዮርክ የመስታወት ነጸብራቅ፣ የተቀደደ ማስታወቂያና የመብራት ፍካት እርስ በርስ ይደራረባሉ። ለእንግዳው ዓይን ከተማይቱን ከተማ ያደረጋት ይኸው መደራረብ ነበር፤ ቀለሙ ቢነሣ አብዛኛው ወደማይለይ ግራጫነት ይለወጥ ነበር። ላይፍ መጽሔት በ1953 ይህን ሥራ በሁለት እትሞች በ24 ገጾች አወጣው።

ምርጫው ዋጋም ነበረው። በዘመኑ የነበረው ኮዳክሮም ፊልም ብዙ ብርሃን ስለሚጠይቅ ፈጣን እንቅስቃሴን አጥርቶ ለመያዝ አስቸጋሪ ነበር። ሃስ ይህን ጉድለት ወደ ስልት ለወጠው። በ1956 በስፔን የበሬ ፍልሚያን ሲያነሣ መዝጊያውን አዘግይቶ እንቅስቃሴው እንደ ቀለም ጅረት እንዲፈስ አደረገ። ይሁን እንጂ ከጥቁርና ነጭ ፈጽሞ አልተለየም፤ ጉዳዩ ሲጠይቅ ይመለስበት ነበር።

ሌላው ዋጋ የዕውቅና ነበር። የኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1962 የሃስን ባለቀለም ሥራዎች ለብቻቸው ቢያሳይም፣ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ባለቀለም ፎቶግራፍ በሥነ ጥበብነት የታወቀበትን ጊዜ የሚቆጥሩት በዚያው ሙዚየም በ1976 ከቀረበው የዊልያም ኤግልስተን ዐውደ ርእይ ነው። ሃስ በ1986 ዓረፈ። በ2011 የታተመ የሥራዎቹ ስብስብ እምብዛም ያልታዩ ባለቀለም የጎዳና ሥዕሎቹን ካቀረበ በኋላ ስለ እርሱ የነበረው ግምት እንደገና መጤን ጀመረ።

ከዚህ ሕይወት የሚገኘው መመዘኛ ቀላል ነው። ቀለሙ ሲነሣ ትርጉሙ ጸንቶ የሚቆም ሥዕል ጥቁርና ነጭን ይችላል፤ ቀለሙ ሲነሣ ትርጉሙ የሚፈርስ ሥዕል ግን ጉዳዩ ራሱ ቀለም ነው። የቪየናዋ እናትና የኒውዮርክ መስኮቶች በአንድ እጅ የተነሡ ቢሆኑም ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ የተለያየ ነው። ስለዚህ የባለቀለም ጎዳና ፎቶግራፍን ታሪክ ከ1976 ብቻ መጀመር ምርጫው አስቀድሞ በምን ምክንያት እንደተደረገ ይሸፍናል።