የሴልቦርኑ ቄስ ጊልበርት ኋይት

ስለ ወፎች ጠባይ ብዙ ካስተማሩን ሰዎች አንዱ ሩቅ አገር የዞረ አሳሽ አልነበረም፤ አብዛኛውን ዕድሜውን በአንዲት ትንሽ መንደር ያሳለፈ ቄስ ነበረ። ይኸውም ጊልበርት ኋይት ነው። (ዓመቶቹና ወሮቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊልበርት ኋይት ጁላይ 18 ቀን 1720 በደቡብ እንግሊዝ፣ ሴልቦርን በምትባል መንደር ተወለደ። አያቱ የመንደሪቱ ቄስ ነበሩ። በኦክስፎርድ ትምህርቱን ከፈጸመና ክህነት ከተቀበለ በኋላ፣ ወደ ትውልድ ቦታው ተመልሶ በረዳት ቄስነት አገለገለ። ሚስት አላገባም።

በ1751 ስለ አትክልት ቦታው በደብተር መጻፍ ጀመረ። ከ1768 አንሥቶ ደግሞ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ የአየሩን ሁኔታ፣ የአበቦችን መፈንዳት፣ የወፎችንም መምጣትና መሄድ ይመዘግብ ነበር። የብርዱ ወራት አልፎ ኤፕሪል ሲገባ፣ ከደቡብ የሚመለሱትን ወፎች በጉጉት ይጠባበቃል። መልካቸው እጅግ የሚመሳሰል ሦስት ትንንሽ ወፎችን በዜማቸው ለይቶ፣ ሦስት ልዩ ልዩ ዓይነቶች መሆናቸውን አስረዳ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ጨረባንና ዘመዶቿን ይወድ ነበር። ከቤት ግድግዳ ላይ በጭቃ ጎጆዋን የምትሠራው የጨረባ ዘመድ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ እንደምትሠራና በቀን ግማሽ ኢንች ያህል ብቻ እንደምትጨምር ተመለከተ። ምክንያቱም የትናንቱ ጭቃ ሳይደርቅ ሌላ ቢደረብበት ጎጆው በክብደቱ ይወድቃል። ስለ እነዚህ ወፎች የጻፈው በ1774ና በ1775 በለንደን በሮያል ሶሳይቲ ጉባኤ ተነበበ።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ አስጨነቀው፤ ጨረባዎች በብርድ ወራት ወዴት ይሄዳሉ? በዚያ ዘመን በጉድጓድ ወይም በኩሬ ውስጥ ተኝተው ይከርማሉ የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በጅብራልታር የሚኖረው ወንድሙ ጆን ግን ወፎቹ ባሕሩን ተሻግረው ወደ አፍሪካ ሲሄዱና ሲመለሱ አይቶ ነበር። ጊልበርት ይህን ቢቀበልም፣ በመከር መጨረሻ የሚታዩት ጥቂቶች ከመንደሩ የማይርቁ መሰለው። ስለዚህ ሰዎች ቀጥሮ ቁጥቋጦውንና ዋሻውን አስፈተሸ፤ አንዲትም አልተገኘችም። ግምቱን የማይደግፈውንም ውጤት ሳይደብቅ ጻፈው።

ወዳጆቹ ለሆኑ ሊቃውንት የላካቸው ደብዳቤዎች ተሰብስበው፣ 1789 የሚል ዓመት ተጽፎበት ስለ ሴልቦርን ተፈጥሮ የሚናገር መጽሐፍ ሆነው ወጡ። እርሱም ጁን 26 ቀን 1793 ዐረፈ። መቃብሩ በዚያችው መንደር ነው።

ለጥያቄው ግልጥ ማስረጃ የተገኘው ከ119 ዓመት በኋላ ነው። በሜይ 1911 በእንግሊዝ አገር እግሯ ላይ ቀለበት የታሰረላት አንዲት ጨረባ፣ በዲሴምበር 1912 በደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ውስጥ ተገኘች።

ወደ እኛም አገር መስከረም ከጠባ በኋላ ጨረባዎች ከሰሜን ይመጣሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያም ጎጆአቸውን ለመሥራት ይመለሳሉ። የመጡበትን ቀን ግን ስንቶቻችን ጽፈን እናውቃለን? ቄሱ በግምቱ ተሳስቶ ነበር፤ ነገር ግን ያየውን ሁሉ በእውነት ስለ ጻፈ ስሕተቱ እንኳ ለሌሎች መንገድ ጠራጊ ሆነ። ለዚህም የፈለገው አንድ ደብተርና ትዕግሥት ብቻ ነበረ፤ ይህ ደግሞ ለማንኛችንም አይጠፋም።