በብዕራቸው ያደሩት ደራሲ አቤ ጉበኛ

የራያ ቆቦ ገበሬ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው ጠልፎ ማሽላና ጤፍ ያመርታል። ጎርፉ በጊዜው ከደረሰ ጎተራው ይሞላል፤ ከቀረ ወይም ከልክ በላይ ከበረታ ግን ዘሩም ድካሙም አብረው ይሄዳሉ። በወር ደመወዝ የሚያድር ሰው ይህን ስጋት በቅርብ አያውቀውም። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዛቸውን ትተው፣ የሚወዱትን ሥራ ይዘው፣ ይህንኑ የገበሬ ስጋት በፈቃዳቸው ተሸከሙ። እኒህ ሰው ደራሲ አቤ ጉበኛ ናቸው።

አቤ ጉበኛ በ1925 ዓ.ም በጎጃም፣ በአቸፈር ወረዳ ቆረንጭ አቦ በተባለ ቦታ ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቀሰሙ፤ በኋላም በዳንግላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ተሻገሩ። ከዚያም አዲስ አበባ ገብተው በማስታወቂያ ሚኒስቴር በጋዜጠኛነት አገለገሉ። የመንግሥት ሥራ በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ሁሉ የሚመኘው ነበር። ደመወዙ ወሩን ጠብቆ ይመጣል፤ ክብርም አለው። ድርሰት የሚጽፉትም አብዛኞቹ በቢሮ ሥራ እየተዳደሩ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ባለው ጊዜ የሚጽፉ ነበሩ።

አቤ ጉበኛ ግን ሥራቸውን ለቀው ሙሉ ጊዜያቸውን ለድርሰት ሰጡ። በኢትዮጵያ ድርሰትን ብቸኛ መተዳደሪያቸው ካደረጉ ቀደምት ደራስያን አንዱ ሆነው ስማቸው የሚነሣው በዚህ ነው።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ማንበብ የሚችለው ሕዝብ ጥቂት ነበር። የደራሲን ጽሑፍ ገዝቶ የሚያሳትም ድርጅትም እምብዛም አይገኝም ነበር። ደራሲው ብዙውን ጊዜ የማተሚያ ቤቱን ሂሳብ ከራሱ ኪስ ወይም ተበድሮ ይከፍላል፤ ወጪው የሚመለሰው መጽሐፉ ከተሸጠ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ጽሑፉ በሳንሱር ዐይን ማለፍ አለበት። ዘር አበድሮ ዝናብ እንደሚጠብቅ ገበሬ፣ ደራሲውም ገንዘቡንና ልፋቱን አስቀድሞ አፍስሶ ይጠብቃል።

አቤ ጉበኛ በአንድ የድርሰት ዓይነት አልተወሰኑም። ልቦለድ፣ ተውኔትና ግጥም ጻፉ። የኮንጎው መሪ ፓትሪስ ሉሙምባ ሲገደሉ የአሟሟታቸውን ታሪክ በተውኔት አቀረቡ። በዕድሜ ዘመናቸው 20 ገደማ መጻሕፍትን ለአንባቢ አድርሰዋል።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1955 ዓ.ም ለኅትመት በበቃው አልወለድም በተሰኘው ልቦለዳቸው ነው። በእናቱ ማሕፀን ያለ ጽንስ ድህነትና ግፍ ወደሞላበት ዓለም አልወጣም ብሎ የሚሟገትበት ይህ መጽሐፍ የዘመኑን ሥርዓት የሚተች ሆኖ ስለተገኘ ታገደ። በደመወዝ ለሚኖር ደራሲ እገዳ የስም ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ በመጽሐፉ ለሚያድር ሰው ግን የደረሰ አዝመራን በጎርፍ እንደማጣት ነው። በጽሑፋቸው ምክንያት ወደ ኢሉባቦር፣ ጎሬ ተግዘውም ቆይተዋል።

ከዚያ በኋላም ብዕራቸውን አላስቀመጡም። በ1961 ዓ.ም የዐፄ ቴዎድሮስን ሕይወት የሚተርከውን አንድ ለእናቱ የተባለውን ታሪካዊ ልቦለድ አሳተሙ። በእንግሊዝኛም ጻፉ፤ በ1966 ዓ.ም በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የደራስያን መርሐ ግብር ተሳተፉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የነበረውን የሕዝብ እምቢተኝነት የሚያሳየው ዲፋያንስ የተሰኘው ልቦለዳቸውም በውጭ ሀገር አሳታሚ ታትሞ ወጣ።

አቤ ጉበኛ በ1972 ዓ.ም፣ ገና በ40ዎቹ ዕድሜ ሳሉ አረፉ። የመረጡት ሥራ የሕይወት ዘመን ሀብታም አላደረጋቸውም። ነገር ግን በሚወዱት ሥራ ለመኖር ምን እንደሚጠይቅ አሳይተዋል። ፍቅር ብቻውን አያበላም፤ አንዱ ምርት ሲጠፋ ሌላ መዝራት፣ ገበያው ሲጠብ ሌላ ገበያ መፈለግ ያስፈልጋል። ከሠራተኛው አቅም በላይ የሆነም ነገር አለ። ገበሬ ውኃና መንገድ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ ደራሲም የሚያነብ ሕዝብና የጻፈውን ለገበያ የማቅረብ ነጻነት ያስፈልገዋል።

በዘመናቸው ታግዶ የነበረው አልወለድም ዛሬም ይነበባል። ደራሲው ለአንድ ወቅት ብለው የዘሩት ዘር ትውልድ ተሻግሮ ፍሬ እየሰጠ ነው።