ክሪስተን ኒጎር

ክሪስተን ኒጎር በ1926 በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ተወለደ። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1948 በአገሩ የመከላከያ ምርምር ተቋም ተቀጥሮ በስሌት ሥራ ተሰማራ። በ1956 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪውን ተቀበለ፤ በ1960ም ወደ ኖርዌይ የስሌት ማዕከል ተዛወረ።

በማዕከሉ ከባልደረባው ከኡለ ዮሃን ዳል ጋር ሲሙላ የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ፈጠረ። ሁለቱ ሊቃውንት ከመረመሯቸው ምሳሌዎች አንዱ በድልድይ መግቢያ ገንዘብ ለመክፈል ተራ የሚጠብቁ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች ሰልፍ ነው። ሁሉም ተሽከርካሪዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ጭነት፣ ሌላው ተሳፋሪ ይይዛል። በ1967 በወጣው ሲሙላ ለተሽከርካሪ ሁሉ የሚሆን አንድ ንድፍ ይዘጋጃል፤ ይህም ክላስ ይባላል። ከንድፉ እየተቀዳ የሚፈጠረው እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ደግሞ ኦብጀክት ነው።

ኦብጀክት በሚፈጠርበት ቅጽበት የመነሻ ዋጋዎቹን ሊያገኝ ይገባዋል። ሲሙላ ለቁጥር በተመደበው ቦታ ሁሉ አስቀድሞ 0 ያስቀምጣል። ሆኖም 0 ሁልጊዜ እውነት አይደለም። አርባ ሰው የያዘ አውቶቡስ ተሳፋሪው ሳይመዘገብ ቢቀር፣ ኮምፒዩተሩ ባዶ ነው ብሎ ያሰላል፤ ስሕተት መኖሩንም አይናገርም። ከሲሙላ በኋላ በወጡ አንዳንድ ቋንቋዎች ጉዳቱ ይብሳል፤ ያልተሞላው ቦታ ቀድሞ በነበረ ትርፍራፊ ቁጥር ተይዞ ሊገኝ ይችላልና። ስለዚህ ኦብጀክቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ክፍሎቹን ሁሉ የሚሞላ ትእዛዝ ይጻፋል፤ ይህም ኮንስትራክተር ይባላል። ቅደም ተከተልም አለው፤ በመጀመሪያ የተሽከርካሪነቱ፣ ቀጥሎም የአውቶቡስነቱ ዋጋ ይሞላል። ነገሩ ከባሕረ ሐሳብ ጋር ይመሳሰላል። ወንበሩን የሳተ ሊቅ አበቅቴውንም መጥቅዑንም ይስታል፤ በእነርሱ የሚወጡት አጽዋማትና በዓላትም ይፋለሳሉ።

ትክክለኛውን መነሻ የሚያውቀው ግን መሣሪያው ሳይሆን በሥራው ላይ ያለው ሰው ነው። ኒጎር ለሠራተኛው የነበረው አክብሮት በተግባር የታየ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአገሩ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ተባብሮ ሠራ። ዓላማውም ኮምፒዩተር ወደ ፋብሪካ ሲገባ ሠራተኛው ስለ መሣሪያው እንዲያውቅና በአጠቃቀሙም ላይ ድምፅ እንዲኖረው ነበር። በኋላም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ አስተማረ።

ለሁለቱ ባልደረቦች በኮምፒዩተር ሳይንስ ከፍተኛ የሆነው የ2001 የቱሪንግ ሽልማት በጋራ ተሰጣቸው። ዳል ሰኔ 29 ቀን 2002 ዐረፈ። ኒጎርም ሁለት ወር ሳይሞላ ነሐሴ 10 ቀን 2002 ተከተለው። የሁለቱ ሐሳብ ግን ዛሬም በዓለም ዙሪያ ፕሮግራም በሚጽፉ ሰዎች እጅ ይገኛል። መነሻው ያልተስተካከለ ሥራ ፍጻሜው እንደማያምር ከእነርሱ ሥራ መማር ይቻላል።

ጥያቄዎች

1. በክላስና በኦብጀክት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. የአውቶቡሱ ተሳፋሪ ቁጥር 0 ሆኖ ቢቀር ምን ጉዳት ያስከትላል?
3. ኒጎር ከሠራተኞች ማኅበር ጋር የሠራው ለምንድን ነው?