ፒተር ሴለርስ፦ ድምፅ የማያልቅበት ሰው

በየባቹ ፕሮፌሰሮችን እያስመሰለ የሚያስቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የኛም ባች ነበረው፤ ዛሬም አትላስ አካባቢ ቡና ላይ ስንገናኝ ከትምህርቱ ይልቅ ቀድሞ ትዝ የሚለን የጠዋት ራውንዱ ድምፅ ነው። ስለ ፒተር ሴለርስ ልጻፍ ያልኩት አንድም ለዚህ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱ ወደ በኋላ ይመጣል። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴለርስ በ1925 በእንግሊዝ ደቡባዊ የባሕር ዳርቻ፣ ፖርትስማውዝ ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ የመድረክ ሰዎች ስለነበሩ ያደገው ከመጋረጃ ጀርባ ነው ማለት ይቻላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አየር ኃይል ገባና ከወታደሮች መዝናኛ ቡድን ጋር እስከ ሕንድና በርማ ዞረ። የሕንዶቹን አነጋገርም የእንግሊዝ መኮንኖቹን ጉራም ከዚያ ይዞ ተመለሰ።

ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ቶሎ አልቀናውም። በ1948 ሮይ ስፒር ለሚባል የቢቢሲ አዘጋጅ ስልክ ደወለ። በጊዜው ዝነኛ የነበሩትን ሁለት የሬዲዮ ቀልደኞች፣ ኬኔት ሆርንንና ሪቻርድ መርዶክን እያስመሰለ፣ ሴለርስ የሚባል ጎበዝ ልጅ አለ፣ እንዳያመልጥህ ብሎ ራሱን አሞገሰ። መጨረሻ ላይ እኔው ነኝ አለ። አዘጋጁ ስድብ ብጤ ጣል አድርጎ ዕድሉን ሰጠው። (ለሬዚደንሲ ምልመላ ይህን መንገድ አልመክርም።)

በ1951 ከስፓይክ ሚሊጋን፣ ከሃሪ ሴኮምብና ከማይክል ቤንቲን ጋር የጀመረው «ዘ ጉን ሾው» እስከ 1960 በሬዲዮ ዘለቀ። ሴለርስ አንድ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ፈሪ ሻለቃ፣ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌና ድምፀ ቀጭን ልጅ ይሆናል፤ ብቻውን ከራሱ ጋር ይጨቃጨቃል። ቸርችልን እንኳ አልማረም። አድማጩ ከጦርነት የተመለሰ ትውልድ ነውና በመኮንኖቹ ሲቀለድለት አንጀቱ ይርስ ነበር።

ማስመሰል የጉሮሮ ሥራ ይመስለናል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ጆሮ የሚጠይቅ ይመስለኛል፤ ሂስትሪ እንደ መውሰድ ማለት ነው። ሴለርስ ለአዲስ ገጸ ባሕርይ አስቀድሞ የሚፈልገው ድምፁን ነበር፤ አካሄዱና አለባበሱ ተከትለው ይመጣሉ። በ1964 በወጣው «ዶክተር ስትሬንጅላቭ» ፊልም የእንግሊዝ መኮንን፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንትና በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ እብድ ሳይንቲስት ሆኖ ሦስቱንም ብቻውን ተጫወተ። የኩባ ሚሳይል ፍጥጫ ካለፈ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። በአቶሚክ ጦርነት ማሳቅ ያኔ ድፍረት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክንያቴ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሆሊውድ ውስጥ እያለ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስምንት ጊዜ ሀርት አታክ እንደያዘው ይጻፋል። እኛ ሐኪሞች አንድ ከባድ ኢንፋርክሽንና ተደጋጋሚ አሬስት ብንለው ይቀለናል። ዕድሜው 38 ነበር። ደረትን በእጅ እየተጫኑ ልብን የማስነሳት ዘዴ ከጆንስ ሆፕኪንስ ታትሞ ከወጣ ገና አራት ዓመቱ ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ቢታመን ኖሮ እንጃ!

ተረፈ፤ ግን ሐኪም አልሰማም። ኮከብ ቆጣሪውን ያማክር፣ በመንፈስ እንፈውሳለን የሚሉትንም ያምን ነበር። እንዲህ ያለውን ታካሚ ክሊኒክ ውስጥ በደንብ አውቀዋለሁ፦ ሕመሙ ሲታገስለት ኪኒኑን አቁሞ ይጠፋል። ጸበሉን አልቃወምም፤ ከኪኒኑ ጋር ይሁን ነው የምለው። ሴለርስን በ1977 አውሮፕላን ውስጥ ድጋሚ ያዘውና ፔስሜከር ተገባለት። በዚያ ልብ ነው እንግዲህ በ1979 «ቢንግ ዜር»ን የሠራው። ከዓለም የማይተዋወቅ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር አትክልተኛ ሆኖ ለኦስካር ታጨ። ለኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ማንንም ያስመስላል አያሰኝም።

ሐምሌ 1980 ለንደን ነበር። በ22ኛው ቀን ማታ ከሚሊጋንና ከሴኮምብ ጋር እራት ሊበላ ተቀጣጥሮ፣ እዚያው ሆቴሉ ውስጥ ወደቀ። ከሁለት ቀን በኋላ ሚድልሴክስ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ፤ 54 ዓመቱ ነበር። ለዚያው ወር መጨረሻ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የአንጂዮግራም ቀጠሮ ነበረው። ቀብሩ ላይ እንዲሰማ ራሱ ያዘዘው ሙዚቃ የግሌን ሚለር «ኢን ዘ ሙድ» ነበር። ጓደኞቹ ሲሰሙት ሳቃቸው መጣ፤ ሰውየው ያንን ዘፈን ዕድሜ ልኩን አይወደውም ነበርና።