ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ የእግዚአብሔርን ፈቃድ በትዕግሥት የፈለጉ መነኩሴ



በየቁምስናው ደጋግመው ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ ገጽ የመጣ ሳይሆን ከኑሮ የሚነሣ ነው። ከጨንጫ ወይም ከዶርዜ ተራራ ተነሥቶ ለሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ ለመሄድ የሚያስብ ወጣት፣ ትዳር ለመያዝ የተቃረበች ልጃገረድ፣ በአርባ ምንጭ ትምህርቱን ጨርሶ ዘርዐ ክህነት ልግባ ወይስ ሥራ ልያዝ እያለ የሚያመነታ ልጅ፣ ሁሉም ይህንኑ ይጠይቃሉ። አንዳንዱ በሕልም ወይም በትንቢት ፈጣን መልስ ይሻል። ሌላው ደግሞ ብቻውን ወስኖ ካበቃ በኋላ እግዚአብሔር ውሳኔውን እንዲባርክለት ብቻ ይለምናል። ከሁለቱም መንገዶች የተለየ መንገድ የሄዱ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት አሉ፤ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ይባላሉ። ሕይወታቸውን በአጭሩ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመርጡለ ማርያም የተነሣ ጥያቄ

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም፣ ከመርጡለ ማርያም አጠገብ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ። ይሁን እንጂ ለትምህርት ያላቸው ፍቅርና የአእምሮአቸው ብሩህነት ጎልቶ ታየ። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተከታትለው በታወቀው በመርጡለ ማርያም ገዳም መነኰሱ፤ ከተማሪነትም ወደ መምህርነት ደረሱ።

በገዳም ሳሉ ግን አንድ ነገር ዕረፍት ነሣቸው። የጥንት አባቶች በጻፉት የምንኩስና ሥርዓትና በዘመናቸው በሚያዩት ኑሮ መካከል ሰፊ ልዩነት አገኙ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያይ ወይ ያማል ወይ ይለምደዋል። እርሳቸው ግን ምክንያቱን መመርመር ጀመሩ። የሥርዓቱን መጻሕፍት ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም ተጓዙ፤ ሊቃውንት ወደሚሰበሰቡባት ወደ ጎንደርም ደረሱ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በሚደረግ ክርክር በቅባት፣ በጸጋና በተዋሕዶ ተከፋፍለው ነበር። እርሳቸውም ጥያቄው ከምንኩስና ሥርዓት አልፎ የእምነት ጥያቄ መሆኑን ተረዱ። መልሱን በአገር ውስጥ ብቻ እንደማያገኙት በማሰብ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ተመኙ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። እግዚአብሔር መንገዳቸውን በሙሉ አስቀድሞ አላሳያቸውም። ትንሽ መስሎ የሚታይ አንድ እውነተኛ ጥያቄ በልባቸው አኖረ፤ እርሳቸውም ጥያቄውን አላፈኑትም።

የካይሮ፣ የሮምና የኢየሩሳሌም ጉዞ

በ1841 መልካም አጋጣሚ ተገኘ። የትግሬና የስሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ለኢትዮጵያ ጳጳስ እንዲሾም የሚለምን መልእክተኛ ጓድ ወደ ካይሮ ላኩ፤ አባ ገብረ ሚካኤልም ከተጓዦቹ ጋር ተቀላቀሉ። ከጓዱ ጋር እንዲሄዱ የተጠየቁት በ1839 ወደ ዐድዋ የመጡት ጣሊያናዊው የላዛሪስት ማኅበር ካህን አባ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበሩ፤ በአገራችን አቡነ ያዕቆብ በመባል የሚታወቁት ናቸው። አባ ዩስጢኖስ መልእክተኞቹ ወደ ሮም ጭምር እንዲዘልቁ ፈለጉ።

አባ ገብረ ሚካኤል በመጀመሪያ እኚህን የውጭ አገር ካህን በጥርጣሬ ዓይን ነበር የሚያዩአቸው። ነገር ግን ረጅም መንገድ ሰውን ይገልጣል። በበረሃና በባሕር አብረው ሲጓዙ የአባ ዩስጢኖስን ትሕትና፣ ጸሎትና ለኢትዮጵያውያን ያላቸውን አክብሮት በቅርብ ተመለከቱ። በካይሮ ፓትርያርኩ ወጣቱን እንድርያስን ሾሙ፤ እርሳቸውም አቡነ ሰላማ ተባሉ። ከዚያ በኋላ የጓዱ ከፊል ወደ ሮም ተሻግሮ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ዘንድ በክብር ተቀባይነት አገኘ። በመጨረሻም ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው መነኩሴው የተመኙትን ቅዱስ ስፍራ ተሳለሙ።

ሳይቸኩሉ መወሰን

የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አባ ገብረ ሚካኤል በሮም ባዩት ነገር ቢነኩም እዚያው ፈጥነው አልወሰኑም። ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ወደ ጎንደርም ሄደው ከሊቃውንቱ ጋር ተነጋገሩ፣ መጻሕፍትን መረመሩ፣ ጸለዩ። በ1843 መገባደጃ ወደ ዐድዋ ወደ አባ ዩስጢኖስ መጡ። እዚያም ለወራት ከእርሳቸው ጋር ተወያይተው በፌብሩዋሪ 1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ነበር። ሮምን ካዩ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ዐልፎ ነበር።

ይህ መዘግየት የፍርሃት አልነበረም። ሊቅ ሆነው የተከበሩበትን ስም፣ ወዳጆቻቸውንና ሰላማዊ ኑሮአቸውን እንደሚያጡ ያውቁ ነበር። ስለዚህ የሚከተሉት ድምፅ የእግዚአብሔር ይሁን የራሳቸው ስሜት፣ በጥናት፣ በጸሎት፣ በምክርና በጊዜ ፈተኑት። በተረጋገጠላቸው ጊዜ ግን አላወላወሉም።

ይህን ታሪክ የምንተርከው የቆየ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። በ1973 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛና የግብጹ ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ ስለ ክርስቶስ አምላክነትና ሰውነት የጋራ የእምነት መግለጫ ፈርመዋል። በዚያ ዘመን ወንድማማቾችን ያለያየው ክርክር ዛሬ የመቀራረቢያ ርእስ ሆኖአል። ለሁላችንም የሚጠቅመው የአባ ገብረ ሚካኤል የኅሊና ቅንነት ነው።

የውሳኔው ዋጋ

ከገቡ በኋላ ክብር ወይም ሹመት አልጠየቁም። በዐዲግራት አቅራቢያ በጐላ በተከፈተው የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት አስተማሩ። አባ ዩስጢኖስ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በአገር ቋንቋ ሲያዘጋጁ ረዱአቸው፤ በግእዝ ቋንቋ ጥናትም ደከሙ። እንግዲህ ለእናንተ ለአስተማሪዎች የሥራ ባልደረባ ናቸው ማለት ነው። ክህነትን የተቀበሉት በ1851 ነው፤ የቀደሱአቸውም ጳጳስ የሆኑት አቡነ ዩስጢኖስ ራሳቸው ናቸው። አዲሱ ካህን ያን ጊዜ 60 ዓመት ገደማቸው ነበር።

በ1854 ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተው አገሪቱን በአንድ እምነት ሥር ለማሰባሰብ በተነሡ ጊዜ አቡነ ዩስጢኖስና አባ ገብረ ሚካኤል ከሌሎች ጋር በጎንደር ታሰሩ። አቡነ ዩስጢኖስ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ሽማግሌው መነኩሴ ግን በግንድ ታስረው፣ ተገርፈው፣ እምነታቸውን እንዲለውጡ ደጋግመው ተጠየቁ፤ እርሳቸውም ጸኑ። በ1855 በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሞት ተፈረደባቸው። የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደንና ሌሎችም ስለማለዱላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ከዘመቻው ሠራዊት ጋር ከቦታ ቦታ ተጎተቱ። በዚያው ዓመት በክረምቱ ወራት በመንገድ ዳር ደክመው ወደቁ፤ በዚያም ዐረፉ። ጠባቂዎቻቸው ሰንሰለቱን ፈትተው እንደ ቀበሩአቸው ተላልፎልናል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በኦክቶበር 3 ቀን 1926 ብፁዕ ብለው ሰየሙአቸው። መንፈሳዊ አባታቸው ዩስጢኖስ ደግሞ በ1975 ቅዱስ ተባሉ።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

በመካከላችን አንድ አሳብ ተስፋፍቶ እናያለን። ነገሩ ከተሳካ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነበር፤ ካልተሳካ አልነበረም እንላለን። የሽመናው ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ትዳር ሲከብድ፣ ጥሪ ሲፈተን ወዲያው ተሳስቼ ነበር ብለን እንደመድማለን። በዚህ ሚዛን ከሆነ የአባ ገብረ ሚካኤል ውሳኔ በመንገድ ዳር የከሸፈ ይመስላል። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ የአባቱን ፈቃድ ሲቀበል የተቀበለው መስቀልን እንደ ነበረ አንርሳ። እርግጥ መከራ ሁሉ የትክክለኛ ውሳኔ ማረጋገጫ አይደለም፤ በችኰላና በእልከኝነት የምናመጣው መከራም አለ። ስለዚህ መመዘኛው የውሳኔው ፍጻሜ ብቻ ሳይሆን አጀማመሩ ነው፤ በእውነት ፈልገን ነበርን? ጸልየን፣ ጠይቀን፣ ታግሠን ነበርን?

የጋሞ አባቶች ከባድ ጉዳይ ሲገጥማቸው በየቤታቸው አይቈርጡም። በዱቡሻ ተሰብስበው ይደማመጣሉ፣ ጊዜ ይሰጣሉ፣ በደል ካለ አስቀድሞ እንዲታረቅ ያደርጋሉ። በ2018 በአርባ ምንጭ እርጥብ ሣር ይዘው በተቈጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ጥፋትን ያስቀሩት እነዚሁ አባቶች ናቸው። ይህን መልካም ልማድ ወደ ክርስቲያናዊ ሕይወታችን እናምጣው። ትልቅ ውሳኔ የቀረበበት ምእመን አስቀድሞ በምሥጢረ ንስሐ ልቡን ያንጻ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያንብብ፤ በቅዳሴ ይሳተፍ፤ ከሚያምነው ካህን ወይም በእምነት ከበሰለ ሰው ጋር ይመካከር፤ ከዚያም ለራሱ ጊዜ ይስጥ። አስተማሪዎችም ወጣቶች ሲጠይቋችሁ በእነርሱ ፈንታ አትወስኑ፤ አቡነ ዩስጢኖስ እንዳደረጉት አብራችኋቸው ተጓዙ።

የላዛሪስት ማኅበር ቤተሰብ የብፁዕነታቸውን መታሰቢያ በየዓመቱ ኦገስት 30 ቀን ያከብራል። በዚያ ዕለት በየጸሎት ቤቱ ታሪካቸው እንዲነገር እናሳስባለን። በአንድ ዓይናቸው እውነትን አጥርተው ያዩት አባት፣ ፈቃዱን የምናውቅበትን ብርሃን፣ ባወቅነውም የምንጸናበትን ኃይል ከእግዚአብሔር ያማልዱን። አሜን።