ቤተ መንግሥቱን ለተማሪዎች የሰጡት ንጉሥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት ሆይ፤ ከገላንም ሆነ ከሰበታ፣ ከቡራዩም ሆነ ከሱሉልታ ተነሥቶ ለትምህርት ወደ 6 ኪሎ የሚሄድ ወጣት፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የሚያየው ትልቅ ቤት የንጉሥ መኖሪያ እንደ ነበረ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የዚያን ቤት ባለቤት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሕይወት ከዚህ ስጦታቸው ጋር አያይዘን በአጭሩ እንመለከታለን።

ተፈሪ መኰንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። አባታቸው ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ሲያርፉ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1917 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ከስደት መልስም የትምህርት ሚኒስቴርን ሥራ ለብዙ ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው ቆዩ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመረቀ።

መኖሪያቸው የነበረው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ብዙ ደም አይቷል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎችም ሰልፍ ወጥተው ደገፏቸው። ሙከራው ሲከሽፍ በቤተ መንግሥቱ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች በጥይት ተገደሉ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ።

እንግዲህ ነገሩን ልብ እንበል። ንጉሡ ያን ቤት ዘግተው ሊተዉት፣ በተማሪዎቹም ቂም ሊይዙ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ቤተ መንግሥቱን ከነግቢው ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ ከዚያ እልቂት ልክ በዓመቱ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ተመረቀ። ዋናው ሕንፃ በአባታቸው ስም ራስ መኰንን አዳራሽ ተባለ። የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅም ከዩኒቨርሲቲው ክፍሎች አንዱ ሆነ።

አንዳንዱ ወጣት ሌላ ቤተ መንግሥት ስለ ነበራቸው ስጦታው አይከብድም ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ተሠርቶ ነበር። ሁለት ሳንቲም ያላትን ሁሉ ከሰጠችው መበለት ጋር ንጉሡን ማስተካከል አይገባም። እንከን አልነበረባቸውም ማለትም አይደለም፤ የወሎ ሕዝብ በ1965 ዓ.ም. ሲራብ መንግሥታቸው ቶሎ አልደረሰለትም።

ሆኖም የሰጡትን መልሰው አልወሰዱም። ተማሪዎቹ በዚያው ግቢ ቆመው ሥርዓታቸውን ሲቃወሙና መሬት ለአራሹ ሲሉ እንኳ ቤቱ የትምህርት ቤት እንደ ሆነ ቆየ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ። ዩኒቨርሲቲውም ስማቸው ተነሥቶለት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። አፅማቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው በ1993 ዓ.ም. ነው። ዙፋኑ አለፈ፣ ስሙም ከበሩ ላይ ወረደ፤ የተሰጠው ቤት ግን እስከ ዛሬ ያስተምራል።

አባቶቻችን በኑዛዜያቸው ለቤተ ክርስቲያን ርስት ይተዉ ነበር፤ ፍትሐ ነገሥታችንም ስለ ኑዛዜ ሥርዓት ሠርቷል። እኛም ነገ ቤትና ሀብት ስናፈራ፣ ከልጆቻችን ድርሻ ጋር ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለድኻ ተማሪ የሚሆን ድርሻ በኑዛዜያችን እናስገባ። ከዚያም የሚሻለው በቁም ሳሉ መስጠት ነው። ዛሬ ገንዘብ ባይኖረን ያነበብነውን መጽሐፍ ለታናሾቻችን ማስተላለፍ አያቅተንም። የሰጠነው ሰው ባያመሰግነን፣ እንዲያውም ቢቃወመን እንኳ፣ ስጦታችንን አንጸጸትበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።